ለመደብር የሚገጣጠም ኮምፒዩተርና የክፍሎቹ አመራረጥ

የመደብር ሒሳብ ከወፍራሙ መዝገብ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ፣ ነጋዴው ለሚዛኑና ለካዝናው የሚያደርገውን ያህል ጥንቃቄ ለኮምፒዩተሩ ሲያደርግ እምብዛም አይታይም። ሚዛን ሲገዛ በታወቀ ክብደት ፈትኖ፣ ካዝና ሲገዛ ቁልፉን ደጋግሞ ከፍቶና ዘግቶ የሚወስድ ሰው፣ የዱቤውንና የዕዳውን መዝገብ በሙሉ የሚሸከመውን መሣሪያ ግን በሻጩ ቃልና በሣጥኑ ፊት በተለጠፈው ምልክት ብቻ አምኖ ይወስዳል። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚሰጠውን መልስ የሚመዝንበት መለኪያ በእጁ የለም። ከስድስት ወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው አልነሣም ያለ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ የሚታየው ጉዳት የመሣሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማን ስንት እንደ ወሰደና ማን ስንት እንደ ከፈለ የሚያስረዳው ማስረጃ አብሮ ጠፍቶ ይገኛል።

ነገሩ የአንድ ባለሱቅ ጉዳይ ነው ተብሎም የሚታለፍ አይደለም። በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጠው ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራምና ዲስክ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚህ ዋጋ የገባ ዕቃ ዓመት ሳይሞላው ተቃጥሎ ቢጣል ገንዘቡ ሁለት ጊዜ የጠፋ ያህል ነው፤ አንድ ጊዜ ከነጋዴው ኪስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አገሪቱ ለሌላ ቁም ነገር ልታውለው ትችል ከነበረው ምንዛሪ።

ኮምፒዩተርን በየክፍሉ ገዝቶ መገጣጠም አዲስ ነገር አይደለም። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በነሐሴ ወር 1973 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ፒሲ የተባለውን ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ፣ ሥራውን ለማፋጠን ሲል አብዛኛዎቹን ክፍሎች ከሌሎች ገዝቶ ነበር። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ የአሠራሩንም ዝርዝር በመጽሐፍ አትሞ ሸጠ። ሌሎች ኩባንያዎች ያንኑ ተከትለው ከእርሱ ጋር የሚስማማ መሣሪያ ለማውጣት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በኋላም በ1995 (እ.ኤ.አ.) ኢንቴል ኤ ቲ ኤክስ የሚባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ልክ አወጣ። ዛሬ በአንድ አገር የተሠራ ማዘርቦርድ በሌላ አገር በተሠራ ሣጥን ውስጥ ብሎኑ ሳይዛነፍ የሚታሠረው በዚህ ምክንያት ነው። ለአስመጪው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ለውጦ ሌላውን ማትረፍ ይቻላልና።

ታዲያ ምርጫው ከየት መጀመር አለበት? አብዛኛው ገዥ ከፕሮሰሰሩ ይጀምራል። ይህ አካሄድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው መሣሪያው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ቀጥሎ ያን ሥራ የሚሠራው ፕሮግራም፤ ከዚያ ፕሮግራሙ የሚሄድበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም። ክፍሎቹ የሚመረጡት ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ ነው። ጭነቱ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ስለ መኪናው ሞተር መከራከር ጊዜ ማባከን ነውና።

የዚህን ቅደም ተከተል ጥቅም ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአዲስ አበባ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ የሚባለው ፕሮግራም፣ ባለቤቱ ኩባንያ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሴጅ 50 ብሎ ስሙን የለወጠው፣ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በዚህ ፕሮግራም የሚሠራ መደብር ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ብዙ የሚመርጠው ነገር የለም፤ ዊንዶውስ ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ካስፈለገው ደግሞ የትኛው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተመዝግበው ጊዜውን የሚያራዝሙበት መንገድ ቢኖርም ማራዘሚያው ራሱ የሚያልቅ ነው፤ አዲስ መሣሪያ የሚገጥም ሰው በዚያ ላይ ሊመሠርት አይገባውም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ማንኛውንም መሣሪያ አይቀበልም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል፤ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ሌላው ነው፤ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባለው የምስጢር መጠበቂያ እንዲኖረው፣ ፕሮሰሰሩም ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከኤ ኤም ዲ ራይዘን 2000 ተከታታይ የማያንስ እንዲሆን ያዛል።

እዚህ ላይ የገበያው ትልቁ ማታለያ ይገለጣል። «ኮር አይ 7» የሚለው ቃል በደንበኞች ጆሮ እንደ ማዕረግ ስም ሆኗል። ነገር ግን በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኮር አይ 7 2600ም ኮር አይ 7 ነው፤ ዛሬ የሚሠራውም ኮር አይ 7 ነው። በ2022 የወጣው ኮር አይ 3 12100፣ በስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ ያንን አሮጌ አይ 7 በሥራ ብዙ ይበልጠዋል፤ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል፤ አሮጌው ግን አይቀበልም። ቁም ነገሩ ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው። 2600 የሚለው ሁለተኛ ትውልድ፣ 12100 የሚለው አሥራ ሁለተኛ ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ይህን የማያውቅ ገዥ «አይ 7 ነው» ሲባል ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደ ተባለው መሆኑ ነው። ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ በደረሰኝ ላይ የማይጽፍ ሻጭ ያልጻፈበት ምክንያት እንዳለው መጠርጠር አያስወቅስም።

በሌላ በኩል ሥራቸው ደብዳቤ መጻፍ፣ የዋጋ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ በኢንተርኔት መላላክና ሰነድ ማተም ብቻ የሆነ መደብሮች እጅግ ብዙ ናቸው። እነዚህ ለዊንዶውስ ፈቃድ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት ያን ያህል ግልጽ አይደለም። ሊኑክስ፣ የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። ከእርሱ ከተገኙት አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ለረዥም ጊዜ አገልግሎት ብሎ በየሁለት ዓመቱ ለሚያወጣው እትም አምስት ዓመት ነጻ የጥበቃ ማሻሻያ ይሰጣል። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራምም አብሮት ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ደንበኛ የላከውን የኤክሴል ሰነድም ይከፍታል፤ ምንም እንኳ የተወሳሰበ ቀመር ያለበት ሠንጠረዥ አንዳንድ ጊዜ ቢያስቸግረው። ፊደልን በሚመለከት ግን የሚያሰጋ ነገር የለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ጀምሮ የአማርኛ ጽሑፍ በዊንዶውስም በሊኑክስም እኩል ይጻፋል፣ ይነበባል።

ሆኖም ሊኑክስን የሚያወድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ጉድለት አለው። በሰፈር ያለው ጠጋኝ በአብዛኛው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው፤ መደብሩ ውስጥ ያለው ፕሪንተርም ለሊኑክስ የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ መታየት አለበት። ስለዚህ ምርጫው የእምነት ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር በዊንዶውስ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒዩተር በሊኑክስ ቢሄዱ የሚከለክል የለም።

የሚከለከለውና በግልጽ ሊወገዝ የሚገባው ሌላ ነው። እርሱም ፈቃድ የሌለውን ዊንዶውስ ከፍላሽ ገልብጦ፣ ማስከፈቻ በሚሉት ፕሮግራም ቁልፉን ሰብሮ መጫን ነው። ይህ ልማድ ከመስፋፋቱ የተነሣ ብዙ ገዥዎች ዊንዶውስ ከመሣሪያው ጋር በነጻ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ስለ ሕግ መጣስ የሚባለውን ለሕግ አዋቂዎች ትቶ የንግዱን ጉዳት ብቻ መመልከት ይበቃል። ቁልፍ ሰባሪው ፕሮግራም ማን እንደ ሠራው አይታወቅም፤ ሥራውን ለመሥራት ግን የኮምፒዩተሩን ጠባቂ እንዲዘጋ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜም ማሻሻያ እንዳይገባ ተደርጎ ይተዋል። ሌባ ቁልፍ ሠሪ ሆኖ ቤት እንዲገባ መፍቀድ ከዚህ አይለይም። ማሻሻያ የሌለው ኮምፒዩተር ምን እንደሚደርስበት በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዓለም አይቶታል። ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ፣ ሰነዶቹን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። መድኃኒቱ የሆነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት በማይክሮሶፍት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

ፈቃዱን የሚገዛም ነጋዴ ሁለት ዓይነት መኖሩን ቢያውቅ ይበጀዋል። ለአምራችና ለገጣጣሚ የሚሰጠው ፈቃድ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ በተጫነበት ማዘርቦርድ ላይ ታሥሮ ይቀራል። በችርቻሮ የሚሸጠው ፈቃድ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊዛወር ይችላል። መሣሪያውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ሁለተኛው ቢወደድም ያተርፍበታል።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከተወሰነ ወደ ክፍሎቹ ማለፍ ይቻላል። ከሁሉ በፊት መነሣት የሚገባው ማንም ስሙን የማያነሣው ፓወር ሰፕላይ ነው። ሻጮች በነጻ ከሣጥኑ ጋር የሚሰጡት፣ ገዥዎችም ሳያዩት የሚቀበሉት ይህ ክፍል ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለሌሎቹ ሁሉ በየልካቸው የሚያድል ነው። እርሱ ሲበላሽ ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በርካሾቹ ላይ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። በእጅ ሲያነሡት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የቀለለ እንደ ሆነ በውስጡ ሊኖር የሚገባው አለመኖሩን ክብደቱ ይመሰክራል። 80 ፕላስ የሚለው የምርመራ ምልክት ያለበት፣ ሠሪው የታወቀ፣ ከ400 እስከ 500 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ ለመደብር ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ለጽሕፈትና ለሒሳብ የሚሠራ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ 150 ዋት እንኳ አይስብም።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላቸውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። በአሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ስለ ሆነ ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ይመጣል፤ እንዲሁ እንዳለ በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ ቢሰኩት በአንድ ቅጽበት ይፈነዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ዩፒኤስም ትርፍ ጌጥ አይደለም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ሒሳቡ በመጻፍ ላይ ከነበረ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ሥራውን አስቀምጦ መሣሪያውን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ አምስትና አሥር ደቂቃ ነው። ነገር ግን 650 ቪ ኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው፤ ቪ ኤውን እንደ ዋት ቆጥሮ መግዛት ስሕተት ነው። በነገራችን መካከል መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ላለ ትንሽ ሱቅ ላፕቶፕ ከሚገጣጠመው ኮምፒዩተር የተሻለ ሊሆን እንደሚችል መካድ አይገባም፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነውና። ጉድለቱ ሲበላሽ በየክፍሉ ለመለወጥ አለማመቹ ነው።

ስለ ሙቀት አንድ ቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ አቧራ ማጥሪያው እየወጣ የሚታጠብ ሣጥን መምረጥ በጎን ከሚያበራ ቀለም ያለው መስታወት ይሻላል።

ራምና ዲስክ ቀጥሎ የሚመጡ ናቸው። ለመደብር 8 ጊጋባይት ራም ይበቃ ነበር፤ 16 ግን ለዓመታት ያሳርፋል። ሁለት ባለ 8 መግዛት አንድ ባለ 16 ከመግዛት ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ጋር በአንድ ጊዜ ይሠራልና ይፈጥናል። አስመጪዎች ግን የራም ዋጋ እንደ ቡና ዋጋ የሚዋዥቅ መሆኑን ሊዘነጉ አይገባም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ ወራት ለሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሠሩት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች ፍላጎት ዋጋውን በከባድ ሁኔታ ስለ ሰቀለው፣ ባለፈው ዓመት ሒሳብ ላይ ተመሥርተው ዋጋ የቆረጡ ነጋዴዎች ሁሉ ለኪሳራ የሚጋለጡበት ጊዜ ነበር።

ዲስኩ ያለ ጥርጥር ኤስ ኤስ ዲ ይሁን። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ በሳታ ገመድ የሚሰካው ኤስ ኤስ ዲ ወደ 550፣ ኤን ቪ ኤም ኢ የሚባለው ደግሞ 3,000ና ከዚያም በላይ ያነባል። ኮምፒዩተሬ ዘገየ ብሎ አዲስ ሊገዛ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ይህ ለውጥ ብቻ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ አይጣል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ ተገልብጦ የሚቀመጥበት ይሁን፤ ከሱቁ ውጭ ቤት ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው።

ፕሮሰሰሩ የሚመጣው እዚህ ነው። ለመደብር ሥራ ከዋናዎቹ ኩባንያዎች የመካከለኛው እንኳ ይተርፋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በፊደሎቹ ላይ ነው። ኢንቴል ከቁጥሩ መጨረሻ ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር ምስል የሚያወጣ ክፍል በውስጡ የለውም፤ የኤ ኤም ዲ ራይዘን 5 5600ም የለውም፤ 5600 ጂ ግን አለው። ይህን ሳያውቅ ርካሹን የገዛ ሰው መሣሪያውን ገጥሞ ሲያበራ ስክሪኑ ጨለማ ይሆንበታል፤ ከዚያም ያላሰበውን የግራፊክስ ካርድ ለመግዛት ይገደዳል። እንዲሁም ኤ ኤም 4 በሚባለው መሰኪያ ላይ የሚገባው ፕሮሰሰር ዲዲአር 4 ራም፣ በ2022 በወጣው ኤ ኤም 5 ላይ የሚገባው ዲዲአር 5 ራም ብቻ ይቀበላል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። አንድ ካርቶን ማዘርቦርድ አስገብቶ የማይስማማ ራም ያስገባ ነጋዴ ሁለቱም በመጋዘን ይቀመጡበታል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው በአስመጪውና በባለሱቁ እጅ ነው፤ ከገዥው ዕውቀት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ገጣጥሞ የሚሸጥ መደብር በደረሰኙ ላይ «ኮምፒዩተር አንድ» ብሎ መጻፉን ትቶ፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ የዲስኩንና የፓወር ሰፕላዩን ሠሪ፣ የዊንዶውሱንም ፈቃድ ዓይነት ቢጽፍ፣ የዋስትናውንም ጊዜ ለየክፍሉ ቢለይ ሥራው በአንድ ቀን ይሻሻል ነበር። ይህ ይወደዳል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ ያለበት መሣሪያ ከሌላው ሊወደድ ይችላል። ነገር ግን ልዩነቱ ለምን እንደ ሆነ በጽሑፍ የተነገረው ገዥ ይከፍላል፤ ያልተነገረው ግን ርካሹን ይመርጣል፤ እውነተኛውን ዕቃ ያስመጣው ነጋዴም በገዛ ሐቀኝነቱ ከገበያ ይወጣል።

ርክክቡም በወረቀት ብቻ አይሁን። መሣሪያው በገዥው ፊት ይብራ፤ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር። ዲስኩና ፍላሹ ግን በስክሪን በሚታየው መጠን ብቻ አይታመኑ፤ 1,000 ጊጋባይት ነኝ ብሎ የሚያሳይና በእውነቱ ከዚያ ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ የሐሰት ዕቃ በዓለም ገበያ ሞልቷል። እስከ መጨረሻው ሞልቶ መልሶ የሚያነብ የመፈተሻ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ፈተናው ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ስለሚወስድ ሻጩ ማታ ጀምሮት ቢያድር፣ ገዥው ጠዋት መጥቶ ውጤቱን አይቶ ይፈርማል።